አዲስ እንጨት ማስረጀት፦ የተማርነውና እምቢ ያልነው

በማህበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የእንጨት ሥራ ቡድን አባላት በጋራ ያቀረቡት ንግግር



ሰብሳቢያችን "ስለ ሥራችሁ ለጉባኤው ተናገሩ" ሲሉን መጀመሪያ ተያይተን ሳቅን። ሥራችንን ለሰው ማስረዳት ቀላል አይደለም። አገር ቤት ስንደውል "እዚያ ምን ትሠራላችሁ?" ይሉናል። "አዲስ እንጨት ገዝተን አሮጌ እናስመስልና እንሸጣለን" ስንላቸው ስልኩ ለጥቂት ጊዜ ዝም ይላል። የአንዷ እህታችን እናትማ "ልጄ፣ እንጨት እዚህ በነፃ ያረጃል እኮ!" አሏት።

እውነታቸውን ነው። እንጨት በራሱ ጊዜ ያረጃል። የእኛ ሥራ ሃያ ዓመት የሚፈጀውን በሁለት ቀን መሥራት ነው። ዛሬ ሥራው ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ ባለፈው ዓመትም ምን እንደ ደረሰብን እንነግራችኋለን። የመጨረሻውን አንዳንዶቻችሁ በወሬ ሰምታችሁታል። ሙሉውን ከእኛው አፍ ብትሰሙት ይሻላል ብለን ነው።

አጀማመራችን

ከእኛ አንዷ እህታችን በዚህ በዋሺንግተን አካባቢ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄደች ትንከባከባለች። ከምትረዳቸው ሰዎች አንዱ ጡረታ የወጡ አዛውንት ነበሩ። ቤዝመንታቸው ሙሉ በሙሉ በባቡር ሞዴል ተይዟል፤ ተራራው፣ ድልድዩ፣ ጣቢያው፣ የሚንቀሳቀሰው ባቡር ሳይቀር። በዚህ አገር ይህ የልጆች ጨዋታ ብቻ አይደለም። ትልልቅ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን የሚሠሩት፣ ገንዘብና ጊዜ የሚያፈሱበት ሙያ ነው። ብዙዎቹ የሚጠቀሙበት ልክ ኤች ኦ ይባላል፤ ሁሉም ነገር ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ነው። 2 ሜትር ከ60 ሳንቲም ገደማ የሚረዝመው፣ ከሐዲዱ ሥር በአግድም የሚነጠፈው እንጨት፣ እዚህ 3 ሳንቲም ብቻ ይሆናል። እኛ በቡድናችን ውስጥ "አግዳሚ" እንለዋለን።

አዛውንቱ እጃቸው መንቀጥቀጥ ስለ ጀመረ አግዳሚዎቹን ቀለም እንድትነክርላቸው እህታችንን ለመኗት። እሷም ባቡር ሐዲድ ጥቁር ነው ብላ ሁሉንም እኩል አጠቆረችው። እሳቸው አልተቆጡም። በማግስቱ "ወደ ውጭ ውሰጂኝ" አሏትና በተሽከርካሪ ወንበራቸው ሰፈር ካለው የባቡር መሻገሪያ ወዲህ ቆመው ሐዲዱን አሳዩዋት። "እነዚያን እንጨቶች አንድ በአንድ እያቸው። ሁለት የሚመሳሰሉ ታገኛለሽ?" ብለው ጠየቋት። አንዱ እንደ አመድ የነጣ፣ አንዱ ቡናማ፣ አንዱ ገና ዘይቱ የሚያብለጨልጭ፣ አንዱ ጫፉ የተሰነጠቀ ነበር። ሁለት የሚመሳሰሉ አላገኘችም።

ያንን ትምህርት ይዛ ወደ ማህበራችን መጣች። ዘጠኝ ሆነን ጀመርን።

እንጨት እንዴት ያረጃል?

ይህን ከመጽሐፍ ከማንበባችን በፊት ግማሹን እናውቀው ኖሯል። አገር ቤት ያደግን ሁላችን የባሕር ዛፍ አጥር አይተናል። ሁለት ሦስት ክረምት ሲያልፍበት ፀሐይና ዝናብ የሚመታው ጎኑ ግራጫ ይሆናል። ከክዳን ሥር የተጠለለው ግን ቡናማ እንደ ሆነ ይቆያል። የእንጨቱን ጭረቶች አጣብቆ የሚይዝ ሊግኒን የሚባል ነገር አለ። የፀሐይ ጨረር ይሰባብረዋል፣ ዝናቡ ደግሞ የተሰባበረውን አጥቦ ይወስደዋል፤ ላይ የሚቀረው የነጣው ጭረት ነው። እርጥበት የሚያበቅለው ሻጋታ ሲጨመርበት ግራጫው ይከብዳል።

ሌላም ነገር አይተናል። የእንጨት በር ላይ የተመታ ምስማር ዝናብ ሲያገኘው ከሥሩ ጥቁር መስመር ይወርዳል። ያ ዝገት ብቻ አይደለም። በእንጨቱ ውስጥ ያለው ታኒን ከብረቱ ጋር ተዋህዶ ጥቁር ቀለም ሆኖ ነው። ታኒን ማለት ወፍራም ሻይ ስንጠጣ አፋችንን የሚያደርቀው ነገር ነው። ይህን አስታውሱት፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

የባቡር አግዳሚ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። በአሜሪካ አብዛኛው አግዳሚ እንጨት ነው። እንዳይበሰብስ፣ ምስጥም እንዳይበላው፣ ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ ተጣርቶ በሚወጣ ክሪዮሶት በሚባል ዘይት በግፊት ይነከራል። ስለዚህ ሲነጠፍ ጥቁር ቡናማ ነው። ከዚያ ፀሐይዋ ዓመት በዓመት እያነጣችው ይሄዳል፣ ጫፎቹም ይሰነጠቃሉ። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ከፍሬን የሚረግፍ የብረት ብናኝ ያርፍበታል። ባቡሩ ቆሞ በሚያድርበት ቦታ ዘይት ይንጠባጠብበታል።

ከሁሉ በላይ ግን አግዳሚዎች ሁሉም በአንድ ቀን አይቀየሩም። የበሰበሰው ብቻ ተመርጦ ይወጣና በቦታው አዲስ ይገባል። ለዚህ ነው ትናንት የገባው ጥቁር ከሃያ ዓመቱ ግራጫ ጎን ተኝቶ የምናየው። አዛውንቱ ለእህታችን ያሳዩዋት ይህንን ነበር። ለዚህ ነው እኛም እንጨት በእጃችን ስንይዝ መጀመሪያ ጥያቄ የምንጠይቀው፦ አንተ የት ነበርክ? ፀሐይ ላይ ወይስ ጥላ ሥር? ብረት ነክቶሃል? ስንት ዓመትህ ነው?

እንዴት እንደምንሠራው

አሁን ወደ ጠረጴዛው እንምጣ። መማር የምትፈልጉ አባላት እስክሪብቶ ያዙ።

የምንጠቀመው ባስዉድ የሚባለውን ለስላሳና ነጭ እንጨት ነው። ጭረቱ ደቃቅ ስለ ሆነ ለትንሽ ነገር ይመቻል። በመጀመሪያ በሽቦ ብሩሽ ከጭረቱ ጋር አብረን በስሱ እንጠርገዋለን። ይህም ለስላሳውን ክፍል ያወጣና ያረጀ እንጨት ያለውን ስርጉድ ይሰጠዋል። ግን በልክ! በእጃችን የያዝነው 87 ጊዜ ያነሰ ነው። ትንሽ ጠንከር ብላችሁ ከፈተጋችሁት ስንጥቁ በእውነተኛው ልክ ሰው እግሩን የሚያስገባበት ጉድጓድ ይሆናል።

ከዚያ ሁለት ዓይነት ማቅለሚያ አለን።

የመጀመሪያው አልኮልና ቀለም ነው። ቁስል የሚጠረግበትን አልኮል ግማሽ ሊትር እንወስድና አንድ የሻይ ማንኪያ የማይለቅ ጥቁር የጽሕፈት ቀለም እንጨምርበታለን። ሲቀቡት ምንም የሠራ አይመስልም፤ ሲደርቅ ግን ለስለስ ያለ ግራጫ ይሆናል። ጠቆር እንዲል ከተፈለገ ይደገማል፣ ይሠለሳል። አንድ ጊዜ አወፍሮ ከመቀባት ሦስት ጊዜ አሳስቶ መቀባት ይሻላል። የጠቆረውን ወደ ኋላ መመለስ አይቻልምና።

ሁለተኛው አቼቶና ብረት ነው። ለዕቃ መፈተጊያ የሚሆነውን ደቃቅ የብረት ሽቦ፣ የማይዝገውን ሳይሆን የሚዝገውን፣ በሳሙና አጥበን ዘይቱን እናስለቅቃለን። ከዚያ በማሰሮ አቼቶ ውስጥ ለጥቂት ቀናት እንተወውና በቡና ማጥለያ ወረቀት እናጠልለዋለን። እዚህ ላይ ነው ያስታውሱት ያልነው ታኒን የሚመጣው። ባስዉድ ታኒኑ ጥቂት ነው። ስለዚህ እንጨቱን አስቀድመን ወፍራም ጥቁር ሻይ እንቀባውና እናደርቀዋለን። ከደረቀ በኋላ የብረቱን አቼቶ ስንቀባው በዓይናችን ፊት ይጠቁራል። ያው የአገር ቤቱ የበር ምስማር ሥራ ነው። ቡናም ሞክረናል። ቢጫ ያዘለ ደካማ ቡናማ ሆነና ቡናውን ለጠጪው ተውነው።

አራት ማስጠንቀቂያ አለን።

አንደኛ፣ የአቼቶውን ማሰሮ ክዳን አጥብቃችሁ አትዝጉ። ብረቱ በአቼቶ ሲበላ የሚቀጣጠል ጋዝ ይወጣዋል። አልኮሉንም ማሰሮውንም ከምድጃ አርቁ፤ መስኮት ክፈቱ፤ ጓንት አድርጉ፤ ከልጆች እጅ ሰውሩት።

ሁለተኛ፣ ቀጭን እንጨት አንድ ጎኑ ብቻ ከረጠበ ይጎብጣል። ሁለቱንም ጎን ቀቡት፣ ከዚያ ከባድ ነገር ጭናችሁበት አድርቁት።

ሦስተኛ፣ መጀመሪያ ቀለም፣ ቀጥሎ ኮላ። ኮላ የነካው ቦታ ቀለም አይጠጣምና ነጭ ነጥብ ሆኖ ይቀራል።

አራተኛ፣ ንጹሕ ጥቁር አትጠቀሙ። በትንሽ ነገር ላይ፣ በክፍል መብራት ሥር፣ ጥቁር ከልኩ በላይ ይከብዳል። ጥቁር የሚመስላችሁን ቡናማ አድርጉት፤ ቡናማ የሚመስላችሁን ደግሞ አንድ ደረጃ አሳሱት።

ከመቶ አግዳሚ ሰባ ያህሉን መካከለኛ ግራጫ ቡናማ እናደርጋለን፣ ሃያውን የነጣ፣ አሥሩን "ገና ትናንት የገባ" ጥቁር። ከዚያ አደባልቀን በከረጢት እናደርገዋለን። ገዢው ሳይመርጥ እንደ መጣለት ሲያነጥፈው እውነተኛ ሐዲድ ይመስላል።

የክብሪቱ ታሪክ

አሁን ወደዚያኛው ወሬ። ባለፈው ዓመት አንድ ደንበኛ 3000 አግዳሚ አዘዘን። 17 ሜትር ያህል ሐዲድ የሚነጠፍበት ነው። እስከዚያ ቀን እንዲህ ያለ ትእዛዝ አይተን አናውቅም። ለእንጨትና ለመሣሪያ ከማህበራችን የቁጠባ ሣጥን 600 ዶላር ተበደርን። አምናችሁ ሰጣችሁን።

ደስታው አቻኮለን። አንድ በአንድ ስንቀባ መቼ እናደርሳለን ብለን ሻዩንና የብረቱን አቼቶ በአንድ ባልዲ ቀላቀልነው። ሦስቱን ሺህ በአንድ ጊዜ ነከርነው። ሳይደርቅ ከመርነው። የምናውቀውን ሁሉ እያወቅን ተውነው። ሻይና የብረት አቼቶ እንጨቱ ውስጥ ሲገናኙ ነው ቀለሙ የሚጸናው። ባልዲ ውስጥ ከተገናኙ ግን እዚያው ጥቁር ዝቃጭ ይሆኑና በእንጨቱ ላይ እንደ ጥላሸት ብቻ ይቀመጣሉ።

ደንበኛው ዕቃውን መለሰው፤ እጁን እንዳጠቆረው፣ ግማሹ እንደ ጎበጠ፣ ሁሉም የተቃጠለ ክብሪት እንደሚመስል በትህትና ጽፎልን። እውነቱን ነበር። ከዚያ በኋላ አንዳንዶቻችሁ "ክብሪት አቃጣዮቹ" እንዳላችሁን ሰምተናል። በፊት ከፍቶን ነበር፣ አሁን እኛም በራሳችን ላይ እንስቅበታለን። ያ ከረጢት እነሆ ጠረጴዛው ላይ አለ። አልጣልነውም። አዲስ የምትገባ እህት መጀመሪያ የምታየው እሱን ነው።

ዕዳውን ቅዳሜ ቅዳሜ እየሠራን፣ በትንንሽ ከረጢት እየሸጥን፣ በሰባት ወር ከፍለን ጨረስን። ለዚያ ደንበኛም በሰባተኛው ወር 200 አግዳሚ ያለ ዋጋ ላክንለት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ አዝዞናል።

እምቢ ያልነው

ነገር ግን ሰባቱ ወር ሳያልቅ፣ በሦስተኛው ወር፣ ሌላ ሰው መጣ። የእጃችንን ሥራ አይቶ ወድዶታል። የሚፈልገው ግን የባቡር ሞዴል አይደለም። አዲስ የተሠሩ የእንጨት መስቀሎችን፣ ትራሶችንና ሣጥኖችን ያመጣልናል፣ እኛ እናስረጅለታለን፣ እሱ "ጥንታዊ የኢትዮጵያ ዕቃ" ብሎ ይሸጣል። የሚከፍለው ገንዘብ ዕዳውን በአንድ ቀን ዘግቶ ይተርፋል።

አንዋሻችሁም፣ ወዲያው እምቢ አላልንም። ሁለት ምሽት ተከራከርን። አንዷ እህታችን "እኛ የምንሸጠው ቀለም መቀባት ነው፣ እሱ የሚለውን እኛ ምን አገባን?" አለች። ክርክሯ ከስስት አልነበረም፤ አገር ቤት የታመሙ እናት ነበሯት። ሌላዋ ደግሞ "ለሞዴል ሠሪውም እኮ አዲሱን አሮጌ አስመስለን ነው የምንሸጠው። ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?" ብላ ጠየቀች። ጥያቄው ከባድ ነበርና ዝም ተባብለን ቆየን።

በመጨረሻ የደረስንበት መልስ ይህ ነው። የሞዴል ገዢው አግዳሚው ትናንት እንደ ተሠራ ያውቃል። የሚገዛን ዕድሜውን ሳይሆን ሐዲዱን በደንብ ማየታችንን ነው። ያ የመስቀል ገዢ ግን የሚከፍለው ለዕድሜው ነው። አያቶች የጸለዩበት፣ እጅ የዳበሰው፣ የዕጣን ጭስ ያጠቆረው መስሎት ነው ገንዘቡን የሚያወጣው። እኛም የሚነግረውን እያወቅን ቀለሙን ብንቀባ ውሸቱን አብረን ተናገርን ማለት ነው። ደግሞስ ጥንታዊ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገራችን ማውጣት በሕግ የተከለከለ ነው። ዕቃው እንደተባለው ጥንታዊ ቢሆን ስርቆት፣ ባይሆን ማታለል ነው። በየትኛውም በኩል ለእኛ ቦታ የለውም።

ድምፅ ሰጠን። ስድስት ለሦስት እምቢ አልን። ያቺ እህታችን ከቡድኑ ወጣች፣ ከማህበሩ ግን አልወጣችም። ለእናቷ ሕክምና መላውን ማህበር አስተባብረን አዋጣን። ዛሬ ምሽትም አብራን አለች፤ ይህን ከመናገራችን በፊት አስፈቅደናታል።

ከዚያ ወዲህ አንድ ደንብ አውጥተናል። ከእጃችን በሚወጣ ማንኛውም ቤት፣ መጋዘን ወይም ድልድይ ሥር የተሠራበትን ዓመት እንጽፋለን። ፊቱ ያረጀ ይምሰል፣ ሥሩ ግን እውነተኛ ዕድሜውን ይናገር።

የድሬዳዋው ጣቢያ

ልንጨርስ ነው። አንዷ እህታችን የድሬዳዋ ልጅ ናት። አባቷ በቀድሞው የጅቡቲ ባቡር ሠርተዋል። ያ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደርሷል። ለአባቷ መታሰቢያ ትንሽ ጣቢያ እንሥራ አልንና በሙያችን ኮርተን አንድ ሜትር ሐዲድ አነጠፍን፣ አግዳሚዎቹን ቆንጆ ግራጫ አድርገን። በቪዲዮ ስናሳያቸው መነጽራቸውን አስተካክለው አዩና "ልጆቼ፣ እጃችሁ ይባረክ፣ ግን ይህ የእኛ ሐዲድ አይደለም። የእኛ አግዳሚ ብረት ነበር" አሉን።

ልክ ናቸው። የዚያ መስመር አግዳሚ በአብዛኛው ብረት ነበር። የአሜሪካውን መሻገሪያ አይተን የድሬዳዋውን ሠርተናል። አፍርሰን እንደገና ጀመርን። አግዳሚዎቹን በዝገት ቀለም ቀባናቸው፤ የእንጨት ሙያችንን ለዕቃ ሣጥኖቹ፣ ለመጫኛው መድረክና ለጋሪው አዋልነው። በየቀኑ እየደወልን "አባባ፣ የጋሪው እንጨት ምን ይመስል ነበር? ፀሐይ ነበር የሚውለው?" እያልን እንጠይቃቸዋለን። እሳቸውም ከስልኩ አይለዩም፤ ልጃቸው "አባቴ ከጡረታ ተመልሶ ሥራ የገባ ይመስለዋል" ትላለች።

ስለዚህ ልመናችን ይህ ነው። ውድ ደጋፊዎቻችን፣ ጠረጴዛውንና አየር ማውጫውን የገዛችሁልን እናንተ ናችሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ዛሬ ከእናንተና ከአባሎቻችን የምንለምነው ፎቶግራፍ ነው። አባቱ፣ አጎቱ ወይም ጎረቤቱ በዚያ ባቡር የሠራ፣ ወይም እናቱ በጣቢያው ደጃፍ የቸረቸረች ካለ፣ በቤታችሁ ያለውን የድሮ ፎቶ አምጡልን፤ አይተን፣ ቅጂ አንሥተን፣ በክብር እንመልሳለን። ፎቶ የሌለው ደግሞ የሚያስታውሰውን ይንገረን። በሩ ምን ዓይነት ቀለም ነበረው? ወንበሩ የት ላይ ተልጦ ነበር?

መማር የምትፈልጉ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኑ። ጓንት እኛ ጋ አለ፣ ቡናውም ለጠጪ ይፈላል።